ሰው የሌለበት ውሃ

ጋምቤላ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

ውድ ኛማል፣

ማሌ። ከቋንቋሽ አፌ ላይ የቀረችው ይህች ሰላምታ ብቻ ናት፤ እሷንም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ያጠፋች ሴት ዛሬ ምን ነክቷት ጻፈች እንደምትይ አውቃለሁ። ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ልጄ ሪድዋና ባሮ ገባች። በሕይወት አለች፣ አትደንግጪ። አለች ስልሽ ግን እንዴት እንዳለች ሳታነቢ ወረቀቱን እንዳታጥፊው።

የሚያደርስልሽ የኢታንግ መስመር ሹፌሩ ወንዳፈረው ነው። የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ በእጅሽ ካልሰጠሽ ሁለተኛ ሱቄን እንዳይረግጥ ነግሬዋለሁ። ስልክ የለም ወይ ትይኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ከማታውቂው ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደውሎ የተዘጋብሽ እኔ ነበርኩ። አንቺ "ሃሎ፣ ማን ልበል?" ስትይ ስልኩን ዘጋሁት። እኔ ሳልናገር ዘጋሁ ስልሽ አይገርምሽም? ገበያውን ሙሉ በምላሴ የማስተዳድረው ሴትዮ!

እሁድ መጋቢት ሰባት ነበር። ረመዳን ነው፤ የመጋቢትን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ። አባቷ ኢድሪስ ዕቃ ሊያመጣ መቱ ሄዷል። ዝሁር ሰግጄ የሱቁን በር ገርበብ አደረግሁና ጓዳ ጋደም አልኩ። የግቢው በር እንደሁልጊዜው ተቆልፏል። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው፣ መቼም አይተሽ ስቀሽብኛል። ሪድዋና እንቅልፍ እስኪጥለኝ ጠብቃ ክሩን በመቀስ ቆርጣ ወሰደችው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የምትሄደው በኮንትራት ባጃጅ፣ ያውም መጋረጃው ወርዶ ነው። ብቻዋን መንገድ ላይ ስትቆም ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ቀጥ ብላ ወደ ወንዙ ወረደች። ልብስ የሚታጠብበት ዳር ሴቶች ነበሩ፣ ልጆች ነበሩ፣ ባጃጅ የሚያጥቡ ጎረምሶችም ነበሩ። አየቻቸውና አለፈቻቸው። ከመካከላቸው አንዷ ብታውቀኝና ለእናቴ ብትነግርብኝስ ብላ መሆን አለበት። የኔን ሱቅ የማያውቅ ማን አለ? ስለዚህ ራቅ አለች። ድልድዩን ትታ፣ ማንጎዎቹ ወደሚያልቁበት፣ ውሃው ጥቁር መስሎ ጸጥ ወደሚልበት፣ ማንም ወደማይደርስበት ቦታ ሄደችና እዚያ ገባች።

ይህን ስታነቢ ራስሽን እንደምትይዢ ይታየኛል። እኔና አንቺ በሰባት ዓመታችን የምናውቀውን ነገር ልጄ በአሥራ አንድ ዓመቷ አታውቀውም።

ያደግንበትን ሳስበው የሌላ ሰው ወሬ ይመስለኛል። አባቴ ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ እኔ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ውሃ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ባሮን ሊሻገር ጀልባ ላይ ሲወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ቁርዓን ሲቀራ እኔና አንቺ በሳቅ እንፈርስ ነበር። ይኸው ሰው ግን አንድ ቀን የት ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም። ጠዋት በቆሎውን ከዝንጀሮ ሊጠብቅ ይሄዳል፣ እናቴ ትከተለዋለች፣ እኔ ወደ እናንተ ጎጆ እሮጣለሁ። ጀንበር ስትጠልቅ ስመለስ እናቴ እርጥብ ጸጉሬን ዳብሳ "ዛሬም?" ትላለች፤ በቃ። እባብ ነበረ፣ አዞ ነበረ፣ ጥይትም ነበረ። ዛሬ የማስፈራራባቸው ነገሮች ሁሉ ያን ጊዜም ነበሩ።

ዋና ያስተማርሽኝ ባዶ የዘይት ጀሪካን ሆዴ ላይ አስረሽ ነው። ወንድምሽ ቱት የገመዱን ጫፍ ይይዛል፣ አንቺ ከፊቴ ወደ ኋላ እየዋኘሽ ትስቂብኛለሽ። አማርኛሽ ገና ስለነበር "አንተ ሰውዳ፣ እግር ምታ! እግር የለህም?" እያልሽ ትጮኺብኝ ነበር። አንድም ቀን ዝም ብለን ገብተን አናውቅም። መጀመሪያ ድንጋይ እንወረውራለን፣ ውሃውን በመዳፍ እንመታለን፣ እንጮኻለን። "ሰው የሌለ ውሃ አትግባ። እናቶች የሚያጥቡበት ግባ" ትይኝ ነበር። ሲደክመን እንጮህ ነበር፣ ስንፈራ እንጮህ ነበር፣ ምንም ሳንሆንም እንጮህ ነበር። እናትሽ እማማ ኛቦል ራሳቸውን ከሚያጥቡት ልብስ ላይ ቀና ሳያደርጉ ማን እንደጮኸና ለምን እንደጮኸ ያውቁ ነበር። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ማንም የማይጠብቀን፣ ዝም ብለው የለቀቁን ይመስለኝ ነበር። በጆሮ ሲጠብቁን እንደነበር የገባኝ በዚህ ወር ነው።

ሪድዋናን ያወጣት ኦቻንግ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። መረቡን ሊያነሳ በጀልባው ሲያልፍ ውሃው ላይ ቀይ ነገር አየ፤ ሻሿ ነው። ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው፣ እኔን ያስጠራኝም እሱ ነው። ስደርስ ልብሱ እየተንጠባጠበ በረንዳው ላይ ቆሟል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘና የተናገረው ከጆሮዬ አይወጣም።

"እናት፣ ይሄ ልጅ አልጮኸም" አለኝ። "ልጅ ውሃ ሲይዘው ይጮኻል። እኔ ሩቅ አልነበርኩም። ሰው ሩቅ አልነበረም። ይሄ ዝም አለ። ለምን ዝም አለ?"

ሁለት ቀን ተኝታ ሳንባዋ ደህና ነው ተባለና ወደ ቤት መጣን። በሦስተኛው ቀን እኔም ጠየቅኋት። "የኔ እናት፣ ለምን አልጮህሽም?" አልኳት። ግድግዳ ግድግዳውን እያየች "እንዳትሰሚኝ ብዬ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ኛማል፣ ልጄ እየሰመጠች ያለችበትን ውሃ አልፈራችም። የፈራችው እኔን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከወንዙ እጠብቃታለሁ ብዬ የደከምኩት ለዚህ ነው።

አሁን እንዴት እንዳለች ልንገርሽ። ከጓዳው አትወጣም። በአልጋውና በግድግዳው መሃል ያለችው ቦታ ላይ እግሯን አጥፋ ትውላለች። ገላዋን ውሃ እንዲነካው አትፈቅድም፤ ሳህን ይዤ ስጠጋ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፣ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋታለሁ። የሚጠጣ ውሃ በጠርሙስ ክዳን ካልሆነ አይወርድላትም። ዒድ መጥቶ ሄደ፣ አዲሱ ቀሚሷ በላስቲኩ እንዳለ አለ። ሼሁ መጥተው ቁርዓን ቀርተውባታል፤ ሐኪሙ ጊዜ ስጧት ብሏል፤ ኢድሪስ ወጣ ብሎ ያለቅስና ፊቱን ታጥቦ ይገባል።

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጥዬዋለሁ። የግቢው በር ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ነው የሚውለው። የጎረቤት ዶሮ ይገባል፣ ፍየል ይገባል፣ ልጆች ኳስ ሲያመልጣቸው ገብተው ያወጣሉ። "ሂጂ፣ ውጪ፣ ተጫወቺ" እላታለሁ። እንደሌለሁ ሁሉ ዞራ አታየኝም። አላህን አሥራ አንድ ዓመት የለመንኩት ከቤት የማትወጣ ልጅ እንዲሰጠኝ ነበር፤ ይኸው ሰጠኝ።

እንዲህ ሆኜ ወዳንቺ መዞሬ የሚያሳፍረኝን ነገር አንቺም አልረሳሽው። የዛሬ ሁለት ዓመት የካቲት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ የደረቀ ዓሣ ይዘሽልኝ መጥተሽ ነበር። ሪድዋና ጭንሽ ላይ ተቀምጣ የአዞ ተረት ስታስነግርሽ ቆየችና "ሁለት ሳምንት ስጪኝ፣ ኢታንግ ልውሰዳት፣ ዋና ላስተምራት። የባሮ ልጅ ዋና ሳትችል አይሆንም ሰውዳ" አልሽኝ። ያልኩሽን እዚህ ልጽፈው ነው፤ አፌ እንዳወጣው ዓይኔም ይየው። "እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ልጅ ውሃ ሲበላባችሁ እናንተ ለምዳችሁታል" አልኩሽ።

ሻይሽን አልጨረስሽም። ሪድዋናን ከጭንሽ ቀስ ብለሽ አወረድሻትና "እናቴ አልለመደችም" ብለሽ ወጣሽ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ልደውል ነበር፣ በሳምንቱም፣ በወሩም። ቀኑ በረዘመ ቁጥር የምለው ቃል ጠፋኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጣችው ብለሽ ራስሽን ጠይቀሽ ይሆናል። ኛማል፣ አሁን የምጽፍልሽን ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ኢድሪስ አያውቀውም። አባቴም ሳያውቀው ሞተ። አንብበሽው አልመጣም ብትይ መብትሽ ነው፤ ይህን ደብቄሽ ግን ልጄን አድኚልኝ ልልሽ አልችልም።

ቱት የሞተ ቀን አንቺ ውሃ ቀድተሽ ወደ ጎጆ ሄደሽ ነበር። ግንቦት ነው፣ ደጋው ዘንቦ ወንዙ መሙላት ጀምሯል፣ እማማ ኛቦል በዚያ ሳምንት እንዳትሻገሩ ብለው ከልክለዋል። ከማዶ ያለው ማንጎ በስሎ ቀልቷል። "ፈሪ ካልሆንክ አንድ አምጣልኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። እየሳቅሁ ነው ያልኩት። እሱም እናቱ እንዳያዩት ልብስ የሚታጠብበትን ዳር ትቶ ራቅ አለ። ሰው የሌለበት ቦታ መረጠ። መሃል ሲደርስ ውሃው ወደ ጎን ወሰደው። አንድ ጊዜ ወደኔ ዞሮ አየ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ነበር፣ ኛማል። አፌን ከፍቼ ነበር። እማማ ኛቦል ብጮህ የሚሰሙበት ርቀት ላይ ነበሩ፣ ጀልባም ነበረ።

አልጮህኩም። ብጮህ "ማን ላከው?" ሊባል ነው። ሮጬ በቆሎ ውስጥ ገባሁና ተደበቅሁ። ሲፈለግ ውሎ በማግስቱ ሲገኝ ከሁሉ ጋር አለቀስኩ፤ አላየሁም አልኩ፣ አባቴም ልጄ አላየችም ብሎ ማለልኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። ልጅ ነበርሽ ትይኝ ይሆናል፤ ልጅ ነበርኩ። ራሴን ግን አንድም ቀን እንዲህ ብዬ ይቅር ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ወንዙ ከኔ አንድ ልጅ እንደሚፈልግ አምኜ ነው የኖርኩት። አትሳቂብኝ። ሦስት ጊዜ አርግዤ ሳይወለዱ ሲቀሩ ይኸው ወሰደ አልኩ። ሪድዋና ስትወለድ ደግሞ ይቺን አይነካትም ብዬ በር ሠራሁ፣ ቁልፍ ገዛሁ፣ መጋረጃ አስወረድኩ። ለሰው የምናገረው ሌላ ነበር፤ ዘመኑ ከፍቷል፣ መንገዱ አይታመንም፣ የዛሬ ልጅ እንደኛ አይደለም እል ነበር። ዘመኑ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የምሸሸው ዘመኑን አልነበረም። የኛ ልጅነት ጥሩ ነበር ልልሽም አልችልም፤ ቱት እኮ ሞቷል። ብቻ እሱም ሪድዋናም ወንዙ ያገኛቸው ከየእናታቸው ሲደበቁ ነው። ይህን ሳስብ እብድ ልሆን እደርሳለሁ።

ደግሞ የቀብሩ አራተኛ ቀን አለ። እናትሽ አንቺን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በሌላ እጃቸው ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ጨካኝ ነበር የመሰሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ ልብስ ማጠቡን ትተው ቆመው ያያሉ። እጃችንን ለቀው በልብሳቸው እንዳሉ ገቡ፤ እስከ ወገብ፣ እስከ አንገት፣ የቱትን ስም እየጮሁ። ዞሩና መጀመሪያ አንቺን ጠሩ። እየተንሰቀሰቅሽ ገባሽ፣ ደረታቸው ላይ ያዙሽ። ቀጥለው እኔን ጠሩ። "ሰውዳ!" አሉ። ጠበቁ። ደግመው "ሰውዳ!" አሉ። እኔ ሮጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሮ እግሬን አልነካውም፤ ከወንዙ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ እየኖርኩ።

አሁን ነው ምን እንዳደረጉ የገባኝ። ያን ቀን ባያስገቡሽ ኖሮ አንቺም እንደ ሪድዋና ግድግዳ ሥር ትቀሪ ነበር። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ደብዳቤውን የምጽፈው ለእሳቸው ነበር። ያለሽኝ አንቺ ነሽ። ልጆችን ውሃ ውስጥ መያዝ ታውቂበታለሽ፤ ሪድዋናም ከኔ ሌላ የሰው ጭን ላይ ስትቀመጥ ያየኋት ያንቺ ላይ ነው።

ትናንት ብቻዬን ልሞክር ሄጄ ነበር። ጫማዬን አወለቅሁ፣ አሸዋው ላይ ቆምኩ። አንዲት ሴት ልብሷን በሳሙና እያሸች "እህቴ፣ አሞሻል?" አለችኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ተመለስኩ።

ዛሬ ጓዳ ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍልሽ ሪድዋና ከአልጋው ጎን ትታየኛለች። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ አየች መሰለኝ፣ "ለማን ነው?" አለች። ኛማል፣ አሥራ አምስት ቀን ዝም ያለች ልጅ! ብዕሩን አስቀመጥኩ። ድምፄ እንዳያስደነግጣት ቀስ ብዬ "ለአክስትሽ ለኛማል። ዋና ላስተማረችኝ" አልኳት።

ዓይኗን ከግድግዳው አንስታ አየችኝ። "አንቺ ዋና ትችያለሽ?" አለች።

ልጄ አታውቅም ነበር። ልጄን አሥራ አንድ ዓመት ሳሳድጋት እናቷ ባሮን ከዳር ዳር የምታቋርጥ ልጅ እንደነበረች አንድ ቀን አልነገርኳትም። "እችል ነበር" አልኳት። "ታዲያ ለምን?" ብላ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ለምን ምን እንደሆነ አልጨረሰችውም። እኔም ሱቅ ገብቼ ከመደርደሪያው ሥር ባዶ የዘይት ጀሪካን ፈልጌ አመጣሁ። አሁን ክዳኑ ጠብቆ፣ ገመድ ታስሮበት፣ አጠገቤ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ዞራ አይታዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ የሚታጠብበት ዳር እሆናለሁ። ሪድዋና ከመጣች ከሴቶቹ ጋር ድንጋዩ ላይ ትቀመጥ፤ ካልመጣችም በሩ ክፍት ነው፣ ድምፄ ቤት ድረስ ይደርሳል። ማንም እንድትገባ አይነግራትም። መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ። ብትመጪ የገመዱን ጫፍ ያዢልኝ፤ እግሬ እንዴት እንደሚመታ ረስቶት ይሆናል። የነገርኩሽን ካነበብሽ በኋላ ፊቴን ማየት ካልቻልሽም አልቀየምሽም፣ ወላሂ። እኔ ግን የቱትን ስም እየጠራሁ እገባለሁ፤ ሴቶቹ ሁሉ እስኪቆሙ፣ ጎረምሶቹ ባጃጃቸውን ትተው እስኪያዩኝ፣ ልጄ እስክትሰማኝ ድረስ እጮኻለሁ።

እናትሽ ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ነበር። መጣሁ በያቸው።

ያን ቀን ያልጮኸችው፣
ሰውዳ ሷሊህ